የአርማታ ዕድሜና የፌሮ ዝገት
በመካነ ኢየሱስ ከተማ ለተሰበሰበ ጉባኤ የቀረበ ዲስኩር



ከዚህ ከእስቴ ምድር ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሓ የወረደና ወደ ሞጣ የተሻገረ መንገደኛ፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት በአሥራ ሰባተኛው ምእት ዓመት እንደ ተሠራ የሚነገርለትን፣ በድንጋይና በኖራ የተገነባውን፣ ዛሬ ሰባራ ድልድይ እያልን የምንጠራውን ጥንታዊ ሕንፃ ሳያይ አያልፍም። ስሙ ስብራቱን ያስታውሳል እንጂ፣ አጠገቡ ቆሞ ለሚመረምረው ሰው ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ የዓባይን ሙላት ችሎ የኖረው ቅስት ከስብራቱ ይልቅ ያስደንቃል። አንዱን ቅስት የጣሉት በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገር ብለው የቈረጡ አርበኞች ናቸው፤ እርጅና ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አልደፈረውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን ሰው በገመድ እየታሰረ፣ ከወዲያና ከወዲህ በሚስቡ ጐበዞች ክንድ ተማምኖ፣ በክፍተቱ ላይ ሲያልፍ ኖረ፤ ይህንኑ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ በመጽሔት የተመለከተ ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ሥራ ተቋራጭ ባቋቋመው ማኅበር አማካይነት በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱ በብረት ተጋጠመ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ጐርፍ መጥቶ የብረቱን ሥራ ጐዳው፤ የኖራውና የድንጋዩ ሥራ በቦታው ቀረ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት የጥንቱን አመስግኜ የዛሬውን ለመንቀፍ አይደለም፤ በበኩሌ በአርማታ ሥራ የኖርሁ ሰው ነኝና የራሴን እንጀራ ልረግም አልችልም። ነገር ግን ዛሬ በመካነ ኢየሱስ፣ በወገዳ፣ በነፋስ መውጫና በአርብ ገበያ የሚቆሙት ፎቆች፣ ትምህርት ቤቶች፣ የጤና ጣቢያዎች፣ ድልድዮችና የውሃ ማጠራቀሚያዎች ሁሉ በሲሚንቶና በፌሮ የሚሠሩ ስለ ሆነ፣ ለነዚህ ሕንፃዎች የተወሰነላቸው ዕድሜ ስንት ነው፣ ጉዳታቸውስ ገና በዓይን ሳይታይ አስቀድሞ ሊታወቅ ይችላልን ብለን እንድንጠይቅ ግድ ይለናል። መልሱን በመጀመሪያው ላይ ልንገራችሁ፤ ይችላል። እንዲያውም የአንድ ምሰሶ የመበላሻ ዘመን በአብዛኛው የሚወሰነው አርማታው በተሞላባት በዚያች በአንዲት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቈጠራው ብቻ ነው።

ወደ ቈጠራው ከመግባታችን በፊት የኖራን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የዛሬው ሐተታችን ምሥጢር በዚያ ተሰውሮ ይገኛልና። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከህንድ አገር በመጣ ባለሙያ አማካይነት የኖራ ድንጋይ ተገኝቶ ለግንብ ሥራ መዋል ከጀመረ በኋላ፣ በጢስ ዓባይ አቅራቢያ ያለው የአላታ ድልድይ፣ ቀጥሎም የጐንደር አብያተ መንግሥት የተሠሩት በዚሁ ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ በእሳት ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን አየር ያወጣል፤ በውሃ ጠፍቶና ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በድንጋይ መካከል ሲገባ ደግሞ ያወጣውን ያንኑ አየር ከከባቢው ቀስ በቀስ መልሶ ይስባል፤ በሳበውም መጠን ወደ ቀደመ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ስለዚህ የፋሲለደስ ግንበኞች ያኖሩት ኖራ ግንበኞቹ ካረፉ በኋላ እንኳ ለብዙ ዓመታት እየጠነከረ ሄዷል፤ አየር ለእርሱ ምግቡ ነበር።

አርማታም እንዲሁ አየሩን ይስባል፤ ላዩም በዚሁ ምክንያት በጥቂቱ ይጠነክራል። በውስጡ የተቀበረው ፌሮ ግን በዚሁ አየር ምክንያት ጋሻውን ያጣል። አንዱ አየር ኖራን ሲያጸና ፌሮን ያራቁታል ማለት ነው፤ በመዶሻ ቢመታ አጥብቆ የሚጮህ ጤነኛ የሚመስል ምሰሶ በውስጡ መድኅን ያጣ ብረት ተሸክሞ ሊቆም የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ብረትና ሲሚንቶ የተጋቡት ብዙ ዘመን አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1867 ጆሴፍ ሞኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ አትክልተኛ የአበባ መትከያ ገንዳዎችን በሽቦ መረብና በሲሚንቶ ለመሥራት የባለቤትነት ፈቃድ አወጣ፤ በዚያው ዘመን ከዚህ ሩቅ ባልሆነው በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠርተው በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ለመጓዝ ይሰናዱ ነበር።  ከሞኒዬ በኋላ የተነሡት መሐንዲሶች አርማታን የማያረጅ ድንጋይ አድርገው ቈጠሩት፤ ክብደቱን፣ ኃይሉንና ቅርጹን ለማስላት ትልልቅ መጻሕፍት ሲጽፉ ስለ ዕድሜው የጻፉት ግን ጥቂት ነበር፤ የስሌቱ ትምህርት በሚገባ የተደራጀው በኛው ዘመን፣ በሃያኛው ምእት ዓመት ማለቂያ ላይ ነው።

ብረት ራቁቱን በዝናብና በአየር መካከል ሲቀር እንደሚዝግ ሕፃንም ያውቀዋል፤ ወንጌልም የምድር መዝገብ አጥፊዎች ብሎ ከጠራቸው መካከል ዝገት አንዱ ነው። በአርማታ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ በውስጡ ብዙ ኖራ ስለሚፈጠር፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚቀረው እርጥበት እጅግ አልካላይን ይሆናል፤ በኬሚስቶች መለኪያ ፒኤቹ ከ12 ተኩል እስከ 13 ተኩል ይደርሳል። እንዲህ ባለ እርጥበት ውስጥ ያለ ፌሮ በዓይን የማይታይ፣ እጅግ ስስ የሆነ የኦክሳይድ ልባስ ይለብሳል፤ ልባሱም እስካለ ድረስ ውሃና ኦክሲጅን ቢደርሱበት እንኳ አይዝግም። የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን በቀጫጭን ቀዳዳዎች ሾልኮ እየገባ ያን ኖራ ወደ ድንጋይነት ሲለውጠው፣ ፒኤቹ ከ9 በታች ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ልባሱ ይፈርሳል፤ ብረቱም እንደ ማናቸውም የሜዳ ብረት ይሆናል። ይህን የአየር ግስጋሴ ባለሙያዎች ካርቦኔሽን ይሉታል።

ሁለተኛው የልባሱ ጠላት ጨው ነው። በምጽዋና በጅቡቲ የባሕር ዳርቻ፣ በዳናክል ቆላም ክሎራይድ የተባለው የጨው ክፍል ፒኤቹን ሳይነካ ልባሱን በየነጥቡ እየበሳ ፌሮውን ያጠፋዋል። እኛ ከባሕር ርቀን፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በጉና ተራራ እግር ስር ስለምንኖር ከዚህ ጠላት እግዚአብሔር ጠብቆናል፤ ስለዚህ በጨው ላይ ብዙ ቃል አላጠፋም። የኛ ጠላት አየሩ ነው፤ አየሩንም የሚያግዘው የክረምትና የበጋ መፈራረቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 ኪዮስቲ ቱቲ የተባለ ሊቅ በስዊድን አገር ባወጣው የምርምር ሥራ የአርማታን ሕመም በሁለት መዋዕል ከፈለው። የመጀመሪያው መዋዕል አየሩ ከላይኛው ገጽ ተነሥቶ ወደ ፌሮው እስኪደርስ ያለው ዘመን ነው፤ በዚህ ዘመን ምንም ጉዳት የለም፤ ባለቤቱም፣ ተከራዩም፣ ተቈጣጣሪውም የሚያየው ምልክት የለም። ሁለተኛው መዋዕል ልባሱ ከፈረሰበት ቀን ጀምሮ ዝገቱ እየተከመረ አርማታውን እስኪሰነጥቀውና እስኪያራግፈው ድረስ ያለው ነው። ይህ ክፍፍል ቀላል መስሎ ቢታይም፣ ከዚያ ወዲህ የተነሡት የስሌት ትምህርቶች ሁሉ የቆሙት በእርሱ ላይ ነው።

አባቶቻችን ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ አበቅቴና መጥቅዕን አውጥተው የጾመ ነነዌን መግቢያና የትንሣኤን ቀን ከብዙ ዓመት በፊት ሲናገሩ ማንም ትንቢት ተናገሩ አይላቸውም፤ ሥርዓቱን የሚያውቅ ሁሉ ደርሶ ያገኘዋልና። የመጀመሪያው መዋዕል ስሌትም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ለአንዳንድ ተማሪ ከባሕረ ሐሳብ ትምህርት እንኳ ይቀልላል። ሥርዓቱ ይህ ነው፤ አየሩ ወደ ውስጥ ሲገባ በገባ ቁጥር መንገዱ ስለሚረዝምበት ፍጥነቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዘመኑ የሚለካው ጥልቀቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። አንድ አርማታ በመጀመሪያው ዓመት 5 ሚሊሜትር አየር ካስገባ፣ 10 ሚሊሜትር ለመድረስ 4 ዓመት፣ 15 ለመድረስ 9 ዓመት፣ 20 ለመድረስ 16 ዓመት፣ 25 ለመድረስ 25 ዓመት፣ 35 ለመድረስ 49 ዓመት ይፈጅበታል።

ይህን ቍጥር በጥሞና ተመልከቱት። መሐንዲሱ በፕላኑ ላይ በፌሮውና በአርማታው ውጫዊ ገጽ መካከል 25 ሚሊሜትር ሽፋን ይኑር ብሎ ጽፎ ሳለ፣ ፌራዮው ስታፋውን ወደ ቅርጹ ሳንቃ አስጠግቶት 15 ሚሊሜትር ቢቀር፣ የጎደለው የአንድ ትንሽ ጣት ወርድ አይሞላም፤ የጎደለው ዘመን ግን ከ25 ዓመት ወደ 9 ዓመት የወረደ ነው። 10 ሚሊሜትር ብቻ ከቀረ ደግሞ ልባሱ በ4 ዓመት ውስጥ ይፈርሳል፤ ሕንፃው ገና የባንክ ብድሩን ሳይጨርስ ማለት ነው። በሌላው ወገን አርማታው በሚገባ ተመጥኖ፣ በሚገባ ታሽቶና ውሃ ጠጥቶ በመጀመሪያው ዓመት 3 ሚሊሜትር ብቻ የሚያስገባ ከሆነ፣ ያው 25 ሚሊሜትር ሽፋን ወደ 70 ዓመት ገደማ ይጠብቀናል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የተጨመረ ሲሚንቶ ብዙ አይደለም፤ የተጨመረ ፌሮም የለም።

ስለዚህ የአንድን ሕንፃ ዕድሜ ለማወቅ የሚሻ ሰው ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቅ፤ የሽፋኑ ውፍረት ስንት ነው፣ አርማታውስ ለአየር ምን ያህል ክፍት ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣችው የሕንፃ ደንብም ሆነ በኋላ የአውሮፓውን ተከትላ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጀችው ደረጃ የሽፋኑ ልክ እንደ ቦታው ጠባይ ተወስኖ ተቀምጧል፤ በአዲሱ ደንብ በደረቅ ቤት ውስጥ ላለ አርማታ ቢያንስ 15፣ ከዝናብ ተከልሎ በውጭ አየር ላለው 25፣ እየራሰና እየደረቀ ለሚኖረው 30 ሚሊሜትር ሆኖ፣ በሥራ ላይ ለሚፈጠረው ስሕተት መጠበቂያ ሌላ 10 ሚሊሜትር ይጨመርበታል። ያም ለ50 ዓመት አገልግሎት የታሰበ ነው። ደንብ የለንም ብሎ የሚያማርር ሰው ካለ እንግዲህ ማማረሩን ይተው፤ የጎደለን ደንብ አይደለም።

የጎደለን በሥራው ቦታ ላይ ነው። ሶሌታ ሲሞላ ያየ ሰው ሁሉ የምናገረውን ያውቀዋል። ከፌሮው ሥር የሚቀመጠው ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ትንሽ የሽፋን ብሎክ ይረሳል፤ በእርሱ ፈንታ የተገኘ ጠጠር ወይም የእንጨት ፍላጭ ይሸጐጣል፤ እንጨቱም በኋላ በስብሶ ለውሃ በር ይከፍታል። ብሎኩ በቦታው ቢኖር እንኳ ባሬላ የተሸከሙ ሠራተኞች ፌሮውን ረግጠው ወደ ታች ያጎብጡታል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የውሃ ነገር ነው፤ ውህዱ በአካፋ ለመዛቅ እንዲላላ፣ በቅርጹ ውስጥም ያለ ድካም እንዲፈስ ተብሎ ከልኩ በላይ ውሃ ይጨመርበታል፤ ትርፉ ውሃ በኋላ ሲተን የተወውን ቀዳዳ አየሩ መንገድ አድርጎ ይገባበታል። የመጨረሻው፣ በበጋ ወራት ውሃ በሚያጥርበት ከተማ ከሁሉ የሚብሰው፣ ውሃ የማጠጣት ጉዳይ ነው፤ ቢያንስ ሰባት ቀን እርጥብ ሆኖ መቆየት የሚገባው ምሰሶ ሁለት ቀን ጠጥቶ ይተዋል። በተለይም በገበያችን በብዛት የሚገኘውና ለልስንም ለአርማታም የሚውለው የፖዞላና ሲሚንቶ፣ በባሕርዩ ቀስ ብሎ የሚጠነክርና በውስጡ ያነሰ ኖራ የሚያስቀር ስለ ሆነ፣ ውሃ ካልጠጣ አየሩ ይበልጥ ይፈጥንበታል። ሲሚንቶው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሲሚንቶው ትዕግሥት ይሻል ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው መዋዕል እንለፍ። ልባሱ ከፈረሰ በኋላ ዝገቱ እንዲራመድ እርጥበትና ኦክሲጅን ያስፈልጉታል። አየሩ በአርማታ ውስጥ የሚፈጥነው የከባቢው እርጥበት መካከለኛ ሲሆን፣ ከመቶ 50 እስከ 70 ባለው ጊዜ ነው፤ ዝገት ግን የሚበረታው እርጥበቱ ከመቶ 80 ሲያልፍ ነው። እንግዲህ የደቡብ ጎንደርን ወራት አስቡ፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ደረቅ አየር በሩን ከፍቶ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያስገባል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ደግሞ ለዝገቱ ውሃውን ያቀርባል። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ በሆነ አገር አየሩ ይገባል እንጂ ፌሮው አይዝግም፤ ዓመቱን ሙሉ በራሰ አገር አየሩ ራሱ አይገባም። የሁለቱ መፈራረቅ ያለበት አገር ግን ሁለቱንም ይቀበላል።

የዝገቱን ፍጥነት ለመለካት የሚያገለግለው ሕግ የማይክል ፋራዳይ ነው፤ ዝገት በባሕርዩ የኤሌክትሪክ ሥራ ስለ ሆነ፣ በፌሮው ገጽ ላይ የሚያልፈው ሥውር ኤሌክትሪክ ከተለካ የሚጠፋው ብረት ይታወቃል። በአንድ ሳንቲሜትር ካሬ ላይ አንድ ማይክሮአምፔር የሚያህል ኤሌክትሪክ ካለፈ፣ ፌሮው በየዓመቱ 11.6 ማይክሮሜትር፣ ማለት ከአንድ ሚሊሜትር መቶ ክፍል ጥቂት የበለጠ፣ ይሳሳል። ይህ ከንቱ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ዝገት ከጠፋው ብረት ይልቅ ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ ቦታ ይይዛል፤ አርማታ ደግሞ ሲጫኑት ኃይለኛ፣ ሲስቡት ደካማ ስለ ሆነ፣ ከውስጥ የሚገፋውን ዝገት መቋቋም አይችልም። ገና 50 ማይክሮሜትር ያህል ብረት ሲጠፋ የመጀመሪያው ቀጭን ስንጥቅ በፌሮው አቅጣጫ ይታያል፤ በዚያ ፍጥነት አራት ወይም አምስት ዓመት ይበቃዋል። በደረቅ ክፍል ውስጥ ግን ፍጥነቱ የዚህ ዐሥረኛ ወይም ከዚያ በታች ስለሚሆን ያው ስንጥቅ ከ40 ዓመት በኋላም ላይመጣ ይችላል።

ስለዚህ አንድን ሕንፃ የሚመረምር ሰው ከሳሎኑ ይልቅ ወደ በረንዳው ጠርዝ፣ ከአሸንዳው ሥር፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ሶሌታ በታች፣ ከሮቶው መቀመጫ፣ ዝናብ ከሚረጨው የምሰሶ እግርና ከድልድዩ የውሃ መውረጃ አጠገብ ይሂድ። በነዚህ ቦታዎች በፌሮው አቅጣጫ የሚሄድ ቀጥ ያለ ስንጥቅና ቡናማ እድፍ ካየ ሁለተኛው መዋዕል ተጋምሷል። ስንጥቁን በልስን መድፈንና በቀለም መቀባት የከተማ ነጋዴዎች ልማድ ነው፤ ጥሩ ልስን በጤነኛ አርማታ ላይ ሲደረግ አየሩን የሚያዘገይ መሆኑን አልክድም፤ በዛገ ፌሮ ላይ የሚደረግ ልስን ግን ምርመራውን ከማዘግየት በቀር የሚፈይደው የለም።

ሳይሰነጠቅ አስቀድሞ ለማወቅስ? እነሆ ይህ በተለይ ለተማሪዎችና ለመምህራን የምናገረው ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ፌኖልፍታሊን የተባለው ጠብታ አለ፤ አዲስ በተሰበረ የአርማታ ገጽ ላይ ሲረጭ አየር ያልደረሰበት ክፍል ደማቅ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ አየር የለወጠው ክፍል ግን እንዳለ ይቀራል። ቀለም ያልያዘውን ጥልቀት በማስመሪያ መለካት ነው። ከ16 ዓመት በፊት የተሠራ የአንድ ቤት ምሰሶ ተመርምሮ 20 ሚሊሜትር ቢገኝ፣ የዚያ አርማታ ልክ ለመጀመሪያው ዓመት 5 ነው ማለት ነው፤ የፌሮው ሽፋን 30 ሚሊሜትር ከሆነ አየሩ ፌሮው ላይ የሚደርሰው በ36ኛው ዓመት ነው፤ ስለዚህ 20 ዓመት ይቀረዋል። ሽፋኑን ሳይሰብሩ የሚለካ ማግኔታዊ መሣሪያም አለ። ከዚህ አልፎ የፌሮውን የኤሌክትሪክ ኃይል ከመዳብ ሰልፌት መለኪያ ጋር የሚያነጻጽር ዘዴ አለ፤ ንባቡ ከ350 ሚሊቮልት በላይ ወደ ታች ከወረደ ፌሮው እየዛገ ለመሆኑ ከመቶ ዘጠና በላይ ዕድል አለው፤ 200 ላይ ካልደረሰ ደግሞ ላለመዛጉ ያው ዕድል አለው፤ በመካከሉ ያለውን ንባብ መሐንዲሱ ተጨማሪ ምርመራ ሳያደርግ ሊፈርድበት አይገባም።

አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ፤ አልሸሽገውም። በአንድ ምሰሶ ላይ እንኳ ሽፋኑ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ውህዱም ከባሬላ ባሬላ ይለያያል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ቈርጦ ይህ ሕንፃ በዚህ ዓመት ይሰነጠቃል የሚል መሐንዲስ ከሚያውቀው በላይ ተናግሯል። ሊባል የሚገባው፣ ዓለም አቀፉ የአርማታ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ደንብ እንደሚለው፣ በ50 ዓመት ውስጥ ልባሱ የመፍረሱ ዕድል ከዐሥር አንድ አይበልጥም ዓይነት ነው። ከዐሥር አንድ! ይህን ስሰማ መጀመሪያ ድፍረት መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ልባሱ ፈረሰ ማለት ሕንፃው ወደቀ ማለት ስላልሆነ፣ ከዚያም በኋላ ሁለተኛው መዋዕል ገና ስለሚቀር፣ ፍርዱ ልክ ነው።

ቸልተኝነት ምን እንደሚያመጣ ለማየት ወደ ጣሊያን እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1967 በጄኖቫ ከተማ የተመረቀው የሞራንዲ ድልድይ የሚንጠለጠልባቸው የብረት ገመዶች በአርማታ የተሸፈኑ ነበሩ፤ ንድፈ ሐሳቡ አርማታው ብረቱን ይጠብቀዋል የሚል ነበር፤ ሽፋኑ ግን ብረቱን ከመርማሪ ዓይን የሸሸገ መሸሸጊያ ሆነ፤ ነሐሴ 8 ቀን 2010 ዓ.ም. በዝናብ መካከል ተደርምሶ 43 ሰዎች ሞቱ። በሀብትና በትምህርት ቀድማን የሄደች አገር ከዚህ ካላመለጠች፣ እኛ በወረታና በወልድያ መካከል በጋይንት በኩል የሚያልፈውን፣ በደርግ ዘመን በቻይና ርዳታ የተሠራውን መንገድና ድልድዮቹን ከአርባ ዓመት በላይ ስንረግጣቸው ስንኖር አንድ ጊዜ እንኳ በፌኖልፍታሊን ብንጠይቃቸው ምን ይከፋል? የባሕር ዳሩ የቀድሞ የዓባይ ድልድይ ስድሳ ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ በአጠገቡ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ ተሠርቶ ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመርቋል፤ እንዲህ ያለ ወጪ ግን ለየወንዙ የሚገኝ አይደለም።

በከተማችን በየመንገዱ የሚታይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ያሳዝነኛል። ቤት ሠሪው አንድ ፎቅ ይሠራና ለሚቀጥለው ፎቅ ይሆናል ብሎ የምሰሶውን ፌሮ ከጣሪያው በላይ ራቁቱን ያቆመዋል። ገንዘብ እስኪገኝ አምስት ክረምት፣ ዐሥር ክረምት ያልፍበታል። ተስፋውን አልነቅፍም፤ በዚያ ፌሮ ላይ ግን ሽፋንም ኖራም ስለሌለ የመጀመሪያው መዋዕል የለውም፤ ከመጀመሪያው ዝናብ ጀምሮ በሁለተኛው ውስጥ ነው። ከሁሉ የሚጐዳው ደግሞ ብረቱ ከአርማታው በሚወጣበት አንገት ላይ ነው፤ ውሃው እዚያ ይቋጥራልና። ቢያንስ በስስ የሲሚንቶ ውህድ ቢቀባ፣ ወይም በደካማ አርማታ ቢሸፈንና በኋላ ቢፈረስ፣ ወጪው የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ያህል ነው። ፎቁን ለመቀጠል በተነሡ ጊዜም የሳሳውን ፌሮ በመለኪያ ሳይለኩ በላዩ ላይ ሌላ ፌሮ ማሰር አይገባም።

ያረጀውን ለመጠገን የሚሻ ባለቤት የዛገውን ክፍል ከፌሮው ጀርባ ድረስ ፈልፍሎ ማውጣት፣ ብረቱን እስኪያንጸባርቅ መፋቅ፣ ከዚያም በጥሩ ውህድ መሙላት ይኖርበታል፤ በላዩ ላይ ብቻ የሚለጠፍ ልጥፍ በሁለት ክረምት ይወድቃል። ስለ ጥገና ከዚህ በላይ መናገር ሌላ ጉባኤ ይፈልጋል።

እንግዲህ የምለምናችሁ ነገር አለኝ። በዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት፣ በቤተ ልሔም የድጓ ምስክር መምህራን ማን ከማን እንደ ተማረ ትውልድ ቈጥረው ይዘዋል፤ በከተማችን ግን የአንድ ትምህርት ቤት ምሰሶ መቼ እንደ ተሞላ፣ በምን ሲሚንቶ፣ ሽፋኑ ስንት ሚሊሜትር እንደ ነበረ የሚናገር አንድ ወረቀት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ያ ወረቀት ከሌለ ቈጠራው መነሻ የለውም። ስለዚህ የማዘጋጃ ቤቱ ሹማምንት ለየአዲሱ ሕንፃ አርማታው የተሞላበትን ቀን፣ የሲሚንቶውን ዓይነት፣ ከመሞላቱ በፊት በማስመሪያ የተለካውን የሽፋን ልክና ውሃ የጠጣባቸውን ቀኖች የሚመዘግብ አንድ ደብተር ከዚህ ዓመት ጀምሮ እንዲከፍቱ፣ ግንበኞችም ያለዚያ መዝገብ ፊርማ አንድ ባሬላ እንኳ እንዳያፈሱ፣ የኬሚስትሪ መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ይዘው በቅድሚያ የራሳቸውን ትምህርት ቤት ምሰሶዎች እንዲመረምሩና ያገኙትን በዚያው ደብተር ላይ እንዲጽፉ በትሕትና እጠይቃለሁ።